ፈንገሱ አልገደለም? የመርጫውን ማጣሪያ ፍቱት

ስለ ቦቬሪያና ሜታራይዝየም ነው የማወራው። በዱቄት ተሽጠው፣ በውሃ ተበጥብጠው የሚረጩ፣ ተባይን አሳምመው የሚገድሉ ፈንገሶች። ከመቂ እስከ ዝዋይ ባሉ የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የጎመን ማሳዎች ላይ ነው የለመድኳቸው። የሚደውልልኝ ገበሬ ሁሉ በአንድ ቃል ይጀምራል፦ «ይሄ ነገር ውሃ ነው እንዴ?»

ከተረጨ ሁለት ቀን ሆኖት ትሪፕሱ ይራመዳል

ይራመድ። ትሪፕስ ማለት የሽንኩርቱን ቅጠል የሚመጥ ደቂቅ ተባይ ነው። የፈንገሱ ዘር ቆዳው ላይ አርፎ፣ በቅሎ፣ ቆዳውን በስቶ እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋል። እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ ከ3 እስከ 10 ቀን ጠብቁ። በሁለተኛው ቀን ተናዶ ሌላ ኬሚካል የሚደርብ ሰው የትኛው እንደሠራለት መቼም አያውቅም።

ሳምንት አልፎም ምንም ለውጥ የለም

ማንኮዜብ! ከአሥር ጥሪ ሰባቱ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። የረጫችሁት ሕይወት ያለው ፈንገስ ነው። ማንኮዜብ ደግሞ ፀረ ፈንገስ ነው። ሪዶሚል ጎልድ ኤምዜድ የሚባለው መድኃኒት ውስጥም ማንኮዜብ አለ፤ ስሙ ስለተለየ ብዙ ሰው ይዘናጋል።

አንድ የቲማቲም ገበሬ «ምንም አልቀላቀልኩም» ብሎ ማለልኝ። የመርጫውን ማጣሪያ ፈታሁት። ወንፊቱ ላይ ቢጫ ቅርፊት ደርቋል፤ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ኖራ ተፈረፈረ። «እሱማ ያለፈው ሳምንት ነው» አለኝ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው ጋሼ?

ሌላው ጉልበት ልቆጥብ ብሎ ሁለቱንም አንድ ላይ በጠበጠ። ሦስተኛው ደግሞ የራሱን መርጫ እንደ ዓይኑ ይጠብቃል፤ ቀን ሠራተኛው ግን የእሱ ኖዝል (የመርጫው አፍ) ሲደፈንበት የጎረቤቱን ተውሶ ነበር። ጎረቤቱ ያን ዕለት ጠዋት ምን ሲረጭ እንደዋለ መገመት አያቅታችሁም።

መፍትሄው አንድ መርጫ ለፈንገሱ ብቻ መለየት ነው። ቀይ ቀለም ቀቡትና ማንም አይንካው። ካልቻላችሁ ማጣሪያውን፣ ኖዝሉን፣ ቱቦውን ፍቱ። በሳሙና ሦስቴ እጠቡ፤ ውሃውን በዘንጉ በኩል እያስወጣችሁ። እጣቢውን ቦይ ውስጥ አትድፉ! ፀረ ፈንገስ ከረጫችሁ ሳምንት ሳይሞላ ፈንገሱን አትርጩ፤ ፈንገሱን ከረጫችሁም በኋላ ፀረ ፈንገሱን እንዲሁ። ቲማቲሙ ላይ የቅጠል በሽታ ከገባ ግን አትከራከሩ፦ በሽታውን አክሙ፣ ፈንገሱ ይቆይ።

ጥሩ ረጭቻለሁ፣ መርጫዬም ንጹሕ ነው

ስንት ሰዓት ነው የረጫችሁት? የቀትር ፀሐይ ዘሩን በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ማሳው ውሃ ጠጥቶ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ነጭ ዝንብ ከሆነ የቅጠሉን ጀርባ። ሽንኩርት ላይ ትሪፕሱ መሃል ቅጠሎቹ አንገት ውስጥ ነው የሚደበቀው፤ ጫፍ ጫፉን አርሶ የሚሄድ ሠራተኛ ገንዘባችሁን ነው የሚረጨው።

ፓኬቱ ራሱ የሞተ ከሆነ

ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ የመስኮት ፀሐይ ሲመታው ከከረመ ሞቷል። ይሄን የሚያደርጉ ባለሱቆች ያበሽቁኛል። የተመረተበትን ቀን እዩ። ቤት ውስጥ ፍሪጅ፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይሆንም።

ኖዝሉ ይደፈናል

ዱቄቱን መጀመሪያ በባልዲ በጥብጡ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉ። ስትረጩ ደጋግማችሁ አናውጡ፤ ይዘቅጣል።

ሞቷል፣ ሻጋታ ግን አላየሁም

አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው። የሞቱትን ጠርሙስ ውስጥ፣ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ከጥቂት ቀን በኋላ ነጭ ዱቄት ካበቀለ ቦቬሪያ ነው፤ ነጭ ጀምሮ ወደ አረንጓዴ ከዞረ ሜታራይዝየም።

ቱታ ላይ አልሠራም

ቱታ ቲማቲም የሚያጠቃ የእሳት እራት ነው። ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ከገባ ፈንገሱ አያገኘውም። በጠረን በሚስበው የፌሮሞን ወጥመድ ላይ የእሳት እራቱ መብዛት ሲጀምር ርጩ፣ ቅጠሉ ላይ የመጀመሪያው ነጭ መንገድ ሳይታይ።