የጃዝ ሣጥኖችን በፖስታ አዝዞ መሰብሰብና በሥርዓት ማድመጥ

የአንድን ሙዚቀኛ የተወሰኑ ዓመታት ሥራ ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ይዞ፣ ከፎቶግራፍና ከማብራሪያ ጥራዝ ጋር በአንድ ሣጥን የሚመጣ የጃዝ ስብስብ ከተራ አልበም የሚለየው በብዛቱ ብቻ አይደለም። አልበም የተመረጠውን ያስደምጣል። ሣጥኑ ግን ሙዚቀኛው በዚያ ቀን ምን እንደ ሞከረ፣ የትኛውን እንደ ጣለና ከወራት በኋላ ምን ይዞ ወደ ስቱዲዮ እንደ ተመለሰ ያሳያል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ሣጥን በደስታ ገዝቶ፣ ሁለት ሲዲ ሰምቶ፣ መደርደሪያ ላይ ሲተወው አይቻለሁ። ጉድለቱ ከሙዚቃው ሳይሆን ከአመራረጡና ከአደማመጡ እንደሆነ ስለማምን፣ ሣጥን ሊያዝዝ ለሚያስብ ሰው የሚረዳውን እዚህ አሰፍራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ዘርፍ ቀድሞ የሚነሳው ስም ሞዛይክ ሬከርድስ ነው። ማይክል ከስኩና እና ቻርሊ ሉሪ የመሠረቱት ይህ ድርጅት የመጀመሪያ ሣጥኖቹን ያወጣው በ1983 ሲሆን፣ አንደኛው ፒያኖ ተጫዋቹ ቴሎኒየስ ሞንክ ከ1947 እስከ 1952 ብሉ ኖት ለተባለው የሙዚቃ አሳታሚ የቀዳውን በ4 ሸክላ የያዘ ነበር። መቀመጫውን በኮኔቲከት ግዛት በስታምፎርድ ከተማ አድርጎ፣ ሣጥኖቹን በሱቅ ከመደርደር ይልቅ በቀጥታ ለገዢው በፖስታ ሲልክ ኖሯል። ገዢው ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር የድርጅቱ አሠራር ነው። ቀረጻዎቹ የሞዛይክ ንብረት አይደሉም። እንደ ብሉ ኖት፣ ኮሎምቢያና ካፒቶል ካሉ ባለቤቶች ለተወሰነ ጊዜና ለተወሰነ ቁጥር ፈቃድ ይገዛል፤ ከዚያም 5,000 ወይም 7,500 ወይም 10,000 ሣጥን አሳትሞ ለእያንዳንዱ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ፈቃዱ ሲያበቃ ወይም ቁጥሩ ሲሞላ ሣጥኑ እንደገና አይታተምም። ስለዚህ የሚወዱት ሙዚቀኛ ሣጥን ካታሎጉ ላይ እያለ «ሌላ ጊዜ እገዛዋለሁ» ማለት፣ በኋላ ከሁለተኛ እጅ ሻጭ በእጥፍ ዋጋ መግዛት ማለት ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ያልቃል ብሎ በመፍራት ሳያስቡበት ሣጥን መግዛትም አይገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዙ ከሆነ ከሦስት ወይም ከአራት ሲዲ የማይበልጥ ይምረጡ። የናት ኪንግ ኮል ትሪዮ የካፒቶል ሥራዎች የወጡበት የ1991 ሣጥን 18 ሲዲ ነው። ሙዚቃው እጅግ ያማረ ቢሆንም ጀማሪን ያደክማል። ከዚህም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው በ1990 የወጣው የዲን ቤኔዴቲ ስብስብ ነው። ቤኔዴቲ በ1947 እና በ1948 ሳክስፎን ተጫዋቹን ቻርሊ ፓርከርን በየምሽት ክበቡ እየተከተለ ሲቀዳ፣ በአብዛኛው መሣሪያውን የሚከፍተው ፓርከር ሶሎ፣ ማለትም ለብቻው ጎልቶ የሚጫወተውን ክፍል፣ ሲጀምር ነበር፤ ሌላው ሙዚቀኛ ሲቀጥል ይዘጋዋል። ለዓመታት ጠፋ ሲባል የኖረው ይህ ቅጂ በ7 ሲዲ ሲወጣ ፓርከርን ለሚያጠና ሰው ትልቅ ሀብት ሆነ። ፓርከርን ገና ለማያውቅ ሰው ግን ከመካከል የሚጀምርና ከመካከል የሚቆረጥ የድምፅ ቁርጥራጭ ነው።

ከእኛ ከኢትዮጵያውያን መካከል ብዙው ሰው በኦርኬስትራ መሪው በዱክ ኤሊንግተን መጀመር ይወድ ይሆናል፤ ምክንያትም አለው። ኤሊንግተን በኅዳር 1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ተቀብሏል፤ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋርም ሠርቷል። ነገር ግን ከ1932 እስከ 1940 የተቀዱት ሥራዎቹ የተሰበሰቡበት ሣጥን 11 ሲዲ ስለሆነ፣ እኔ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ግዢ ባደርገው እመርጣለሁ። ለመጀመሪያ የምመክረው ሳክስፎን ተጫዋቹ ሌስተር ያንግ ከባንድ መሪው ከካውንት ቤዚ ጋር ከ1936 እስከ 1940 የሠራው የተሰበሰበበትን የ4 ሲዲ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን በ2008 የወጣ ነውና ከሁለተኛ እጅ መፈለግ ሊያስፈልግ ይችላል።

በፍለጋው ላይ እጅግ ርካሽ የሆኑ የአውሮፓ ሣጥኖች ያጋጥምዎታል። የአውሮፓ ኅብረት የቀረጻ መብትን ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲያራዝም ጊዜው አስቀድሞ ያለፈበትን አልመለሰም፤ ስለዚህ እስከ 1962 ድረስ የታተመ ቀረጻ እዚያ ማንም ሊያሳትመው ይችላል። አንዳንዱ አሳታሚ በጥንቃቄ ይሠራል። ሌላው ግን ሌሎች የደከሙበትን ሲዲ ገልብጦ ስምንት አልበም በአራት ሲዲ ያጭቃል፣ የቀረጻውን ቀንም ሆነ የተጫዋቾቹን ስም አይጽፍም። መለያው ቀላል ነው፦ ማስታወቂያው ስንት ሲዲ እንዳለው ብቻ ነግሮዎት፣ ድምፁ ከየትኛው ቴፕ ወይም ሸክላ እንደ ተቀዳና ማብራሪያውን ማን እንደ ጻፈው ካልገለጸ ገንዘብዎን ይያዙ።

ትእዛዙን ሲልኩ የመላኪያ ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ። የሞዛይክ ሣጥን ሲዲ ቢይዝም ስፋቱ የሸክላ ልባስ ያህል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በ30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጥራዙም ከባድ ወረቀት ስለሆነ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲመጣ የፖስታው ዋጋ ቀላል አይሆንም። ኢትዮጵያ ያለ ሰው ጥቅሉ በፖስታ ሣጥን ቁጥሩ እንዲመጣለት ያድርግ፤ ለጉምሩክ የሚያሳየውን ደረሰኝም አትሞ ይያዝ። እኔ አሜሪካ ሆኜ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ የምልክለት ግን በፖስታ ሳይሆን በሚመለስ ሰው ሻንጣ ነው። ሣጥኑ ተኝቶ፣ ከላይና ከታች ልብስ ተደርጎለት ሲሄድ ማዕዘኑ አይጨፈለቅም።

ጥቅሉ ሲደርስ ወዲያው ይክፈቱት። አራቱን ማዕዘን ይመልከቱ፣ ሲዲዎቹን ይቁጠሩ፣ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ጭረት እንዳለው ይዩ፤ የጥራዙንም ገጾች አንድ በአንድ ይግለጡ። ጉድለት ካለ ፎቶ አንሥተው በዚያው ሳምንት ይጻፉ። በተለይ ከሁለተኛ እጅ ሲገዙ ስለ ጥራዙ ሳይጠይቁ አይክፈሉ። እኔ አንድ ጊዜ ለብዙ ወራት ስፈልገው የነበረ ሣጥን አግኝቼ፣ ሻጩን «ሲዲዎቹ ይሠራሉ ወይ?» ብዬ ብቻ ጠይቄ ገዛሁ። ሲዲዎቹ እንከን አልነበረባቸውም፤ ሣጥኑ ውስጥ ግን ጥራዙ አልነበረም። ሙዚቃውን ሰማሁት፤ በየዘፈኑ የሚጫወተው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደሚቀድም ግን ማወቅ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ሻጩ የጥራዙን የፊት ገጽና ተራ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቦታ ፎቶ ልኮ ካላሳየኝ አልገዛም።

ስለ አቀማመጡ ብዙ የሚባል የለም። ሸክላ ቆሞ እንጂ ተደራርቦ ተኝቶ አይቀመጥ፣ ፀሐይም አይንካው። ሲዲ ሲጠረግ ከመካከል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ እየተሽከረከረ አይደለም። በ1980ዎቹ የተሠሩ ወፍራም ባለ ሁለት ሲዲ መያዣዎች ውስጥ የተቀመጠውን ስፖንጅ አውጥተው ይጣሉ፤ ሲያረጅ እየፈረፈረ ሲዲው ላይ ይጣበቃልና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ማድመጡ እንምጣ። ሣጥኑን በሲዲ አይከፋፍሉት፤ በቀረጻ ውሎ፣ ማለትም ሙዚቀኞቹ በአንድ ቀን ስቱዲዮ ገብተው በቀዱት፣ ይከፋፍሉት። ሲዲው የሚያበቃው ቦታ ስለሞላ ነው እንጂ ሙዚቀኞቹ የጀመሩትን ስለጨረሱ አይደለም። ጥራዙ መጨረሻ ላይ የውሎዎቹን ዝርዝር ያገኛሉ፦ ቀኑ፣ ከተማው፣ የተጫዋቾቹ ስምና የያዙት መሣሪያ፣ ቀጥሎም የእያንዳንዱ ቅጂ መለያ ቁጥር። በብዙዎቹ የድሮ ቀረጻዎች ከመለያው ሰረዝ በኋላ ያለው ትንሽ ቁጥር ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ይናገራል። በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞረው ሸክላ ዘመን አንድ ፊት የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ስለነበረና አንድ ውሎ በተለምዶ አራት ዘፈን ስለሚያስገኝ፣ የአንድ ቀን ሥራ በሙሉ 12 ደቂቃ ያህል ነው። ሰው ከሥራ ተመልሶ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ የአንድ ቀን ታሪክ ሊሰማ ይችላል ማለት ነው። በአንድ ምሽት አንድ ውሎ ይበቃል። 25 ዘፈን የጫነን ሲዲ በአንድ ትንፋሽ መስማት ግን እነዚያ ሙዚቀኞች ራሳቸው ያላሰቡት ነገር ነው፤ ጆሮም ከአሥረኛው በኋላ መለየት ያቆማል።

የሌስተር ያንግን ሣጥን የመጀመሪያ ውሎ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ1936 መገባደጃ ቺካጎ ውስጥ አምስት ሙዚቀኞች ስቱዲዮ ገቡ፦ በትራምፔት ካርል ስሚዝ፣ በቴነር ሳክስፎን ሌስተር ያንግ፣ በፒያኖ ካውንት ቤዚ፣ በባስ ዋልተር ፔጅ፣ በድራም ጆ ጆንስ። በሁለቱ ዘፈኖች ላይ ጂሚ ረሺንግ ያዜማል። ቤዚ ከዴካ ኩባንያ ጋር ውል ፈርሞ ስለነበር ሸክላው በስሙ ሊወጣ አልቻለም፤ በድራመኛውና በትራምፔት ተጫዋቹ ስም «ጆንስ-ስሚዝ ኢንኮርፖሬትድ» ተብሎ ወጣ። በዚያ ቀን «ሹ ሻይን ቦይ» የተሰኘውን ሁለት ጊዜ ቀድተውታል፤ ሁለቱም ቅጂዎች ተርፈዋል።

መጀመሪያ አንደኛውን ቅጂ ብቻ ይስሙ፤ ሁለተኛውን ወዲያው አያስከትሉ። የቤዚ ፒያኖ ካለፈ በኋላ ሌስተር ይገባና በዘፈኑ መዋቅር ላይ ሁለት ዙር ሙሉ፣ 64 ሜዠር (የምት መለኪያ) ሳይቋረጥ ይጫወታል። ይህን ሶሎ በአፍዎ ማንጎራጎር እስኪችሉ፣ ቢያንስ አጀማመሩ ጆሮዎ ላይ እስኪቀር፣ ለሁለትና ለሦስት ምሽት ይመላለሱበት። ከዚያ ሁለተኛውን ቅጂ ይክፈቱ። ዜማው ያው፣ ፍጥነቱ የተቀራረበ፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው፤ ሌስተር ግን ከደቂቃዎች በፊት የተናገረውን አልደገመም። ሐሳቡን ሌላ ቦታ ይጀምራል፣ ትንፋሹን ሌላ ቦታ ይወስዳል። ኖታ ሳያዩ በቅጽበት እየፈጠሩ መጫወት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም፤ የሣጥን ዋጋም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ቅጂ አከታትሎ የሰማ ሰው ግን «ያው ዘፈን ተደገመ» ብሎ ሊሰለች ይችላል፤ ሲዲው ላይ ተከታትለው ቢቀመጡም አድማጩ ራሱ ሊለያቸው ይገባል።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲያደምጡ ሌስተርን ትተው ጆ ጆንስን ብቻ ይከተሉ። ሲምባሉ ላይ የሚያደርገው ነገር ሶሎው ሲገባና ሲወጣ እንዴት እንደሚለዋወጥ ይስሙ። በሌላ ቀን የዋልተር ፔጅን ባስ ይያዙ። ባሱን በትንሽ ድምፅ ማጉያ መለየት ስለሚያስቸግር ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይረዳል። የድሮ ሸክላ ፍሽፍሽታ ካለም አይቸኩሉበት፤ ጆሮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያልፈዋል። የማጫወቻውን ቀጭን ድምፅ መቀነስ ግን ከፍሽፍሽታው ጋር ሲምባሉንም ይወስደዋል።

ጥራዙን መቼ ማንበብ ይሻላል ለሚል ጥያቄ፣ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ከማድመጥ በፊት፣ የጸሐፊውን ትንታኔ ደግሞ ከማድመጥ በኋላ ያንብቡ እላለሁ። ማብራሪያው የትኛው ሶሎ ድንቅ እንደሆነ አስቀድሞ ከነገረዎት ጆሮዎ የታዘዘውን ብቻ ይፈልጋል። እኔ አንዲት ትንሽ ደብተር ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ከእያንዳንዱ ውሎ በኋላ ቀኑን ጽፌ የገረመኝን አንድ ነገር ብቻ አሰፍራለሁ። ጥራዙ ላይ ግን በእርሳስም ቢሆን አልጽፍም።

ቀጣዩን ሣጥን ከካታሎግ ማስታወቂያ ሳይሆን ከዚሁ ከተጫዋቾች ዝርዝር ይምረጡ። የሌስተርን ሣጥን ሰምተው ሲጨርሱ የትራምፔት ተጫዋቹ የበክ ክሌይተን ስም ደጋግሞ ዐይንዎ ውስጥ ይገባል። ይህን ስም ሲከተሉ በ1938 ሌስተርና ክሌይተን «ካንሳስ ሲቲ ሲክስ» በሚል ስም ኮሞዶር ለተባለው አሳታሚ ወደ ቀዱት ሥራ ይደርሳሉ፤ ሌስተር እዚያ ሳክስፎኑን አስቀምጦ ክላርኔት ሲነፋም ይሰማል። ሞዛይክ የኮሞዶርን ጃዝ በሦስት ሣጥን፣ በጠቅላላው በ66 ሸክላ አሳትሞት ነበር። ያን ሁሉ ከመፈለግዎ በፊት የካንሳስ ሲቲ ሲክስ ቅጂዎች ያሉበትን አንድ ሲዲ ይግዙና ክላርኔቱን ይስሙ።