የእንግሊዝ እግር ኳስ ክለብ ከፋብሪካ መወለዱን እንዴት ማጣራት ይቻላል?

መጀመሪያ የክለቡን የድሮ ስም ፈልጉ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማንቸስተር ዩናይትድ እስከ 1902 ድረስ ኒውተን ሂዝ ይባል ነበር፤ በ1878 የመሠረቱት የባቡር ፉርጎ ሠራተኞች ናቸው። አርማም ይናገራል፦ የዌስትሃም መዶሻዎች በ1895 ቡድኑ ከተቋቋመበት የቴምዝ መርከብ ፋብሪካ የመጡ ናቸው።

ቀጥሎ የፋብሪካዎቹን የሥራ ሰዓት ተመልከቱ፤ ዋናው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። የ1850ው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሴቶችና የወጣቶች ሥራ ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ አዘዘ። ያለ እነሱ ማሽኑ ስለማይዞር ወንዶቹም ይወጡ ጀመር። ቅዳሜ ከሰዓት የጨዋታ ጊዜ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ1888 ሊጉን የጀመሩትን 12 ክለቦች ካርታ ላይ ብታስቀምጡ ከለንደን አንድም የለም፤ ሁሉም በሰሜንና በመካከለኛው እንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተሞች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዛሬውን ስታዲየም መነሻ ሲያደርግ ነው። አርሰናልን የመሠረቱት በ1886 የዉልዊች ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ክለቡ ግን በ1913 የቴምዝን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሰሜን ለንደን ሄዷል። ፋብሪካ ካጣችሁ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ፈልጉ፦ አስቶን ቪላና ኤቨርተን የተነሱት ከዚያ ነው።