የቆየ ሞተር ሳይክልን ራሳችሁ እንዴት ትንከባከባላችሁ?

የቆየ ሞተር ሳይክል ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር ነው። ተፈቶ ይታጠባል፣ ብሎኑ ወዲህና ወዲያ ይዞራል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቆያል። እኔ ካርቡሬተሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ ባይ ነኝ። ከሱ በፊት ዘይት፣ አየር ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ ቫልቭ፣ ካቴናና ፍሬን መታየት አለባቸው። ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ ጥቂት መፍቻ ያለው ሰው ይሠራዋል።

ቁጥሮቹን የምሰጣችሁ ለሆንዳ ሲጂ 125 ነው። ሆንዳ ይህን ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ጥገና በሚያንስበትና ጭነት በሚበዛበት አገር እንዲችል አስቦ ነው። ብዙ የቻይና 125 ሞተር ሳይክሎችም የተሠሩት በዚሁ ንድፍ ነው። የእናንተ ሌላ ዓይነት ከሆነ አሠራሩ ብዙም አይለይም፤ ቁጥሩን ግን ከመመሪያው ደብተር ውሰዱ።

ዘይት

ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቁትና አጥፉት። ሞቅ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ከሥሩ ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ፍቱና በደንብ እስኪንጠባጠብ ጠብቁ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ብሎኑን በጉልበት አታጥብቁት፤ የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። የሚገባው ዘይት ከ1 ሊትር ትንሽ ያነሰ ነው። ቀስ እያላችሁ ጨምሩና በመለኪያው እዩ።

የመኪና ዘይት አትጠቀሙ። በዚህ ሞተር ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በዚያው ዘይት ውስጥ ነው፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ደግሞ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» (JASO MA) የሚል ምልክት ፈልጉ። ለቆየ ሞተር በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ጥሩ ነው። የወጣውን ዘይት መሬት ላይ አትድፉት፤ በጀሪካን አጠራቅሙት።

አየር ማጣሪያ

አቧራማ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ከሁሉም በላይ ይህን ይጠብቅ። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በላምባ ወይም በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አንጠባጥቡበትና ጨምቁት። ቤንዚን ግን አይነካው፤ ስፖንጁን ይጎዳል፣ ለእሳትም አደጋ ነው። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ በቀስታ አራግፉት፣ ከነተበ ቀይሩት።

ካንዴላ

ካንዴላ ስለ ሞተሩ ውስጥ ብዙ ይናገራል። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉ፤ አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ መግባት የለበትም። ከዚያ ጫፉን ብርሃን ላይ እዩት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ደረቅና እንደ ጥላሸት ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ወደ አየር ማጣሪያው ተመለሱ። ጥቁርና ዘይት የጠጣ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ሊሆን ስለሚችል በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ ተሰንጥቆ እንደሆነ ተመልከቱ።

ጫፉ ላይ ባሉት ሁለት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስትገጥሙ መጀመሪያ በጣት ብቻ አዙሩ። መፍቻ የሚገባው ካንዴላው ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ቫልቭ

ሰው የሚፈራው ይህንን ነው፣ ግን በዚህ ሞተር ላይ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሌሊቱን ያደረ ቢሆን ይመረጣል። ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ፣ ካንዴላውን አውጡ፣ የቫልቮቹን ክዳንና በግራ በኩል ያለውን የሞተር ሽፋን ፍቱ። የሚዞረውን ክብ ብረት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ እያዞራችሁ በላዩ ያለውን የ«ቲ» (T) ምልክት ከሞተሩ ምልክት ጋር ግጠሙ። ሁለቱም የቫልቭ መግፊያዎች በጣት ሲነኩ ትንሽ መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ ግትር ካለ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።

በመግፊያውና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ለሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ውፍረት ያለው መለኪያ ብረት ትንሽ ያዝ እያደረገ ማለፍ አለበት። ማስተካከያውን የሚያስረውን ዳዶ ስታጠብቁ ልኩ ስለሚዛነፍ እንደገና ለኩ። ብዙ ሰው ጠቅ ጠቅ የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት ሲል ቫልቩን ያጠብቃል። ይህ ጎጂ ነው። የጠበበ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ትንሽ ድምፅ ቢኖር ይሻላል።

ካቴና

የካቴናውን የታችኛውን መስመር መሃል ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። እንቅስቃሴው 20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ከሆነ በሽፋኑ ላይ ያለውን የጎማ ክዳን ነቅላችሁ ታዩታላችሁ። የኋላ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ሦስት አራት ቦታ ለኩ፤ የቆየ ካቴና አንዱ ጋ ይላላል፣ ሌላው ጋ ይጠብቃል። መስተካከል ያለበት በጠበቀው ቦታ ነው። ማስተካከያውን በግራና በቀኝ እኩል ምልክት ላይ አቁሙ፣ አለዚያ የኋላ ጎማው ጠመም ብሎ ይሄዳል። ካቴናው የሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ጥርሶች ጫፍ ወደ አንድ ጎን ከተቆለመመ ሁለቱን ጥርሶችና ካቴናውን አብራችሁ ቀይሩ።

ሞተሩ እየሠራ ካቴና አታጽዱ። ጣት የሚቆረጠው እንዲያ ነው።

ፍሬንና ጎማ

የፊት ፍሬን መያዣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ተስቦ መያዝ መጀመር አለበት። ገመዱ ጫፍ ላይ ከተበጣጠሰ አንድ ቀንም አትንዱበት። የጎማውን ነፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ።

ካርቡሬተር

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካስቸገረ፣ ቤንዚኑን ዝጉና ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ የሚወጣውን በብርጭቆ ተቀበሉ። ከሥር ውሃ ከተቀመጠ ወይም ዝገት ከታየ የቤንዚን ታንከሩንም ማጽዳት አለባችሁ፤ ካርቡሬተሩ ብቻ ቢታጠብ በሳምንቱ ይደፈናል። ካርቡሬተሩን ለማጠብ ከወሰናችሁ፣ የአየር ብሎኗን ከማውጣታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እስክትቆም አጥብቋት፤ ስንት ዙር እንደገባች ቁጠሩና ጻፉት። ስትመልሷት በዚያው ዙር ትከፍቷታላችሁ።