የነርቭ ህዋሳትን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በፍሎረሰንት ቀለም እንዴት መከታተል ይቻላል?

ዕረፍት ላይ ያለ የነርቭ ህዋስ የውስጥ ወገኑ ከውጭው በ70 ሚሊ ቮልት ገደማ ዝቅ ያለ ነው፤ መልእክት ሲያስተላልፍ ይህ ልዩነት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተገልብጦ ይመለሳል። ኤሌክትሮድ ይህን በትክክል ይለካል፤ ነገር ግን የሚነግረን ስለነካው ህዋስ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ሳልዝበርግ፣ ዳቪላና ኮኸን በ1973 በአልቅት ነርቮች ላይ ይህን የኤሌክትሪክ ምት በቀለም አማካይነት በብርሃን መዝግበዋል። ከዚህ በታች የቀረበው ሂፖካምፐስ ከተባለው የአይጥ አንጎል ክፍል ተወስደው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ላደጉ ህዋሳት የሚያገለግል አሠራር ነው።

በመጀመሪያ ፍሎረሰንት ቀለሙን፣ ማለትም ብርሃን ሲያርፍበት በሌላ ቀለም መልሶ የሚያበራውን ንጥረ ነገር፣ ይምረጡ። የትኛው ህዋስ እንደተቀሰቀሰ ማወቅ ብቻ ከተፈለገ ህዋሱ ሲቀሰቀስ ወደ ውስጥ የሚገባውን ካልሲየም የሚያሳይ፣ እንደ ፍሉኦ-4 ያለ ቀለም ይበቃል፤ ምልክቱ ጎላ ያለ ነው፣ ነገር ግን ዘገምተኛና ተዘዋዋሪ ነው። የቮልቴጁን ለውጥ ራሱን ለማየት ግን በህዋሱ ሽፋን ውስጥ የሚሰካ፣ እንደ ዳይ-8-አኔፕስ ያለ ቀለም ያስፈልጋል።

ቀለሙን ዲኤምኤስኦ በተባለ አሟሚ ፈሳሽ ካሟሙ በኋላ፣ ቀለሙ በውሃ ውስጥ እንዲበተን ከሚረዳ ጥቂት ፕሉሮኒክ ጋር፣ በጨው ውሃ ወደ 2 ማይክሮሞላር (የክምችት መለኪያ) ገደማ ያቅጥኑት፤ ህዋሳቱን ደብዘዝ ባለ ብርሃን ለ10 ደቂቃ ያህል ካቆዩ በኋላ ይጠቧቸው።

ዋናው ፈተና ብርሃኑ ላይ ነው። በ530 ናኖሜትር አካባቢ ባለ አረንጓዴ ብርሃን ሲያበሩና ከ610 ናኖሜትር በላይ ያለውን ቀይ ብርሃን በማጣሪያ ሲቀበሉ፣ ህዋሱ ሲቀሰቀስ ብርሃኑ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ስለዚህ ወደ ታች የወረደ መስመር ስህተት አይደለም። ለውጡ በተመቸ ሁኔታ እንኳ ለ100 ሚሊ ቮልት 10 በመቶ ገደማ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ምቱ እንዳያመልጥ ካሜራው በሰከንድ 1000 ያህል ምስል ማንሳት አለበት፤ በአንድ ምስል 10,000 ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ቢሰበሰብ የፎቶኖቹ ተፈጥሯዊ መዋዠቅ ብቻውን 1 በመቶ ይሆናል። ብርሃን መጨመር ይህን ያሻሽላል፤ ግን ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ህዋሱንም ይጎዳል። በእኔ ግምት ከውድ ካሜራ በፊት ገንዘቡ የማይዋዥቅ የብርሃን ምንጭ ላይ ቢውል ይሻላል። የብርሃኑን መዝጊያ የሚከፍቱት ለቀረጻው ቅጽበት ብቻ ይሁን፤ ማነቃቂያውን ደጋግመው ቀረጻዎቹን በአማካይ ያዋህዱ።

ከዚያም የጀርባውን ብርሃን ቀንሰው ለውጡን ለመነሻው ብርሃን ያካፍሉ፤ ያለ ማነቃቂያ በተወሰደ ቀረጻም የቀለሙን መደብዘዝ ያርሙ።

በመጨረሻ፣ ምቱ የሚነሳባቸውን በህዋሱ ሽፋን ላይ ያሉ የሶዲየም በሮች የሚዘጋውን ቴትሮዶቶክሲን በ1 ማይክሮሞላር መጠን ይጨምሩ፤ ገዳይ መርዝ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም። ምቱ ካልጠፋ፣ የተቀረጸው የመብራቱ መዋዠቅ፣ የሳህኑ ንቅናቄ ወይም የማነቃቂያው ኤሌክትሪክ ሊሆን ስለሚችል እነዚህን አንድ በአንድ ይመርምሩ።