ስለ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ደጋግሜ የማርማቸው ስህተቶች

«ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል።» ደብረ ብርሃን ውስጥ ተማሪው ይህን ሳያስብ ይጽፋል፤ መምህሩም ሳያስብ ልክ ብሎ ያርምለታል። መልሱ ጎደሎ ነው። 100 ዲግሪ የሚሠራው በባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ነው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ወደ ሰባት አሥረኛ ይወርዳል፤ ውሃችንም 91 ዲግሪ አካባቢ ይንፈቀፈቃል። ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ወደ 96 ከፍ ይላል፤ መሐል ሜዳ ብትወጡ ደግሞ ከእኛም ያንሳል።

የሚያናድደኝ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ቴርሞሜትሩን አንብባ «90 ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሪፖርቷን ስቀበል 100 ብላለች። ለምን እንደቀየረችው ስጠይቃት ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሏት ነበር። ደህናውን መሣሪያ ጥፋተኛ አድርጋ ዓይኗ ያየውን ሰረዘች! በእርሷ አልፈርድም፤ ከ100 ሌላ የጻፈን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ የምናጋድም እኛው ነን። ባልደረቦቼ፣ ጥያቄ ስታወጡ «በባሕር ወለል ግፊት» የሚለውን መጨመር ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? ተማሪዎችም፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ የዕቃው ታች ላይ አታስነኩት፤ ከውሃው አውጥታችሁም አታንብቡት። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ያያችሁትን ጻፉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት የፈላ ውሃ እሳት ሲጨመርበት የበለጠ ይሞቃል ብሎ ማሰብ ነው። አይሞቅም። የተጨመረው ሙቀት ፈሳሹን ወደ እንፋሎት መለወጫ ይሆናል እንጂ ዲግሪውን አያነሣውም። ባቄላ አልበስል ሲል እንጨት የሚማግድ ሰው ውሃውን ቶሎ ያስጨርሳል፤ ባቄላው ግን ያው በ91 ዲግሪ ነው። በግፊት የሚያበስለው ድስት የሚያፈጥነው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ነው፤ ያን ጊዜ ውሃው ከ100 በላይም ይሄዳል።

ከሚፈላ ውሃ ውስጥ የሚወጡት ትልልቅ አረፋዎች ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አይደሉም። ውሃ ሲፈላ ሞለኪውሉ አይበጠስም፤ አረፋው ራሱ ውሃ ነው፣ በጋዝነት። ገና ሳይፈላ ከታች የሚታዩት ጥቃቅኖቹ ግን ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው።

ጉም ጋዝ አይደለም። ጣርማበር ላይ መኪና መብራት አብርቶ እንዲያዘግም የሚያስገድደው ያ ነጭ ነገር በአየር ላይ የተንሳፈፉ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ስብስብ ነው፤ ፈሳሽ ማለት ነው። የውሃ እንፋሎት ራሱ አይታይም። ማንቆርቆሪያ ሲፈላ አፉን ልብ ብላችሁ እዩት፤ በአፉና በነጩ ጭስ መሰል ነገር መካከል ባዶ የሚመስል ቦታ አለ። ጋዙ ያለው እዚያ ነው።

ዱቄትና ጤፍ የቁናውን ቅርጽ ቢይዙም ፈሳሽ አይደሉም። አፍስሱትና ይከመራል፤ ውሃ አይከመርም።

አንድ ነገር ሲሞቅ የሚያብጠው የተሠራበት ቅንጣት አይደለም፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ርቀት ነው የሚሰፋው።

ውርጭን ሁሉ የረጋ ጤዛ ማድረግም የተለመደ ነው። ከጥቅምት በኋላ ሣራችን ላይ የሚያድረው ነጭ ውርጭ በአብዛኛው በአየር ውስጥ ያለ እንፋሎት ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ የሚፈጠር ነው። በዚያው ብርድ ውሃ ሞልታችሁ የከደናችሁትን ጠርሙስ ውጭ አታሳድሩ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው «ጋዝ ክብደት የለውም» የሚለው ነው። ስምንት ሜትር በሰባት የሆነ፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሚደርስ የመማሪያ ክፍል አስቡ። በደብረ ብርሃን ግፊትም ቢሆን በውስጡ ያለው አየር ከአንድ ኩንታል ገብስ ይከብዳል። ይህን በኳስ ማሳየት የምትፈልጉ መምህራን፣ ኳሱን መጀመሪያ ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ነፍታችሁ መዝኑት፣ ከዚያ እስኪጠነክር ነፍታችሁ ድገሙት። የሽንኩርት መመዘኛ ሚዛን ከጉልት ተውሳችሁ ግን አትሞክሩት፤ ልዩነቱ ጥቂት ግራም ስለሆነ ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም፤ ተማሪውም ጋዝ እውነትም ክብደት የለውም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።