ኮፋኖው ለምን ነጣ? የመኪና ቀለም ችግሮችና መፍትሄያቸው፣ ከባሕር ዳር

ጥር ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። የሰርግ ወቅት ነው። ደዋዩ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ "መኪናዋ ፈዛለች፣ ፖሊሽ አድርግልኝ።" እኔም የምመልሰው አንድ ነው፤ "መጀመሪያ ታጥባ ትምጣ፣ ልያት።"

አንዳንዱ ዋጋ ለመስቀል የማደርገው ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። "ፈዛለች" የሚባለው በሽታ ቢያንስ ስድስት ሰባት ዓይነት ነው። አንዱ በአቼቶ ይለቃል። አንዱ በማሽን ይወጣል። አንዱ ደግሞ ማሽን በነካው ቁጥር ይብስበታል።

ብዙ ሰው ፖሊሽ የሚቀባ ነገር ይመስለዋል። ፖሊሽ ይፍቃል። ከላሜራው ጀምረን ወደ ላይ ብንወጣ፣ መጀመሪያ ዝገት የሚከላከለው አንቲሩጂን አለ። ቀጥሎ ቀለሙ። ከላይ ደግሞ ቀለም የሌለው፣ ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ቫርኒሽ። የፋብሪካ ክሊር አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። አንድ የወረቀት ቅጠል 100 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። መኪናዋን የሚያብረቀርቃትም፣ ከፀሐይ የሚጠብቃትም የግማሽ ወረቀት ውፍረት ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ፖሊሽ በተደረገች ቁጥር ከዚያ ላይ ትንሽ ይነሳል። የተነሳው አይመለስም። ስለዚህ ማሽን ከመሰካታችሁ በፊት ችግሩ የትኛው ደርብ ላይ እንዳለ እወቁ። ስትጀምሩም ከሁሉ በለሰለሰው ነገር ጀምሩ።

ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም ይወጣል

አንድ ጋሼ ቀይ ዲኤክስ ይዘው መጡ። ኮፋኖዋና ጣሪያዋ ሮዝ ሆነዋል። በሮቿ ግን አሁንም ቀይ ናቸው። "ልጄ፣ ካልተቀባች አትድንም አሉኝ" አሉ ከመቀመጣቸው። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጌ የኮፋኖውን ጥግ ፈተግ ፈተግ አደረግሁት። ጨርቁ ቀላ። እሳቸው ደነገጡ፣ እኔ ደስ አለኝ።

ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለም ማለት ነው። የድሮ መኪኖች፣ በተለይ ቀይና ነጭ የሆኑት፣ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ኮዱ 040 የሆነው የቶዮታ ነጭም ብዙ ጊዜ ያለ ክሊር ነው የሚገኘው። በእነዚህ መኪኖች ላይ የቀለሙ የላይኛው ፊት በፀሐይ ሞቶ ዱቄት ይሆናል። ከሥሩ ያለው ጤነኛ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳንም ቀለምንም የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ኮፋኖና ጣሪያ ቀድመው የሚሄዱት፣ በሮች የሚተርፉት ለዚህ ነው።

መፍትሄው ደስ ይላል። በደንብ አጥቡ፣ አድርቁ፣ ጥላ ውስጥ አስገቡ። መካከለኛ ኮምፓውንድ (ከፖሊሽ ጠንከር ብሎ የሚፍቅ ቅባት) በለስላሳ ስፖንጅ፣ በእጅም ሆነ በማሽን፣ እጅ በምታህል ቦታ እየከፋፈላችሁ ሂዱ። ስፖንጁ ቶሎ ቶሎ በቀለም ስለሚሞላ እያጠባችሁ ቀይሩ። ቀዩ ብቅ ሲል አቁሙ። ከዚያ ሰም ቀቡ፤ በየሁለትና ሦስት ወሩም ድገሙት። ክሊር የሌለው ቀለም ያለ ሰም ከተተወ ተመልሶ ዱቄት ይሆናል። የጋሼ ዲኤክስ በአንድ ቀን ተኩል ቀላች። ኮፋኖው ላይ ፊታቸውን አይተው ጢማቸውን አስተካከሉ።

ነጭ ካርታ የመሰለ ነገር እየተላጠ ነው

ይሄኛው አያስደስትም። ኮፋኖ ወይም ጣሪያ ላይ ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚነሳ ነገር ካያችሁ ክሊሩ ከቀለሙ ተለያይቷል። ፀሐይ ሠርቶበት ወይም ሲቀባ ሥሩ በደንብ ሳይዘጋጅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ፖሊሽ እዚህ ምንም አይሠራም። የተላጠውን ጠርዝ ማሽኑ እየነቀለ ካርታውን ያሰፋዋል።

ያለው መንገድ ያንን አካል በብርጭቆ ወረቀት አውርዶ እንደገና መቀባት ነው። ቀቢ ጋ ስትሄዱ የቀለም ኮዱን ከበሩ ምሰሶ ወይም ከሞተር ክፍሉ ሰሌዳ ላይ አንብባችሁ ሂዱ። "ነጭ ነው" ብላችሁ ብቻ አትስጡ፤ የነጭ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከተቀባች በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ሰም አይቀባ። ቀለሙ ውስጥ የቀረው ቲነር መውጫ ይፈልጋል።

ፀሐይ ላይ የሸረሪት ድር ይታያል

ጥላ ውስጥ ቆንጆ ናት። ፀሐይ ላይ ስትቆም በብርሃኑ ዙሪያ ክብ ክብ የሆነ ቀጭን ጭረት ይወጣል። ጥቁር መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል። ጭረቱ እንኳን ክብ አይደለም፤ በየአቅጣጫው ነው የተጫረው። ብርሃኑ ነው ክብ የሚያስመስለው።

ይህን የሚሠራው አሸዋ ነው። ላቫጆ ላይ መሬት የወደቀው ስፖንጅ ተመልሶ ኮፋኖ ላይ ሲወጣ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ለሦስት መኪና ሲሆን፣ ከጠጠር መንገድ የመጣች መኪና በደረቅ ጨርቅ ስትወለወል። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል። መኪና የሚጠብቁልን ልጆች አቧራውን በደረቁ ጠረግ ጠረግ ሲያደርጉልን በደግነት ነው። ብር ስጧቸው፣ ጨርቁን ግን እንዲተዉት ንገሯቸው።

መጀመሪያ ጭረቱን ፈትኑ። ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ላይ ካልታየ፣ ጥፍርም ካልያዘው ክሊሩ ውስጥ ነው፤ በፖሊሽ ይወጣል። ጥፍር ከያዘው ጥልቅ ነው፤ ጠርዙን ማለስለስ እንጂ ማጥፋት አትችሉም። ነጭ ወይም ግራጫ ነገር ከታየ አንቲሩጂኑ ጋ ደርሷል። እሱን ሰኔ ሳይገባ በኮዱ ቀለም ነካ ነካ አድርጉት። ክረምቱን ክፍት ሆኖ ካሳለፈ መስከረም ላይ ዝገት ይዛችሁ ነው የምትመጡት።

ለድሩ ግን ሥራው እንዲህ ነው። ጎማውንና ፕላስቲኩን፣ የላሜራውንም ሹል ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ኮፋኖ ላይ 50 በ50 ሴንቲሜትር የምትሆን ቦታ ምረጡና ሞክሩ፤ በጣም ለስላሳው ስፖንጅ ከደቃቁ ፖሊሽ ጋር። ከወጣ መኪናዋን በሙሉ በእሱ ጨርሱ። ካልወጣ አንድ ደረጃ ብቻ ጠንከር አድርጉ። ላሜራው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን።

ጠርዙን ሸፍኑ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የወንድሜን ቪትዝ ኮፋኖ ጠርዝ በአንድ አቅጣጫ በሚሽከረከር ማሽን ይዤ ዘገየሁ። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ክሊሩም ቀለሙም ሄዶ አንቲሩጂኑ ፈገግ አለብኝ። ጠርዝ ላይ ቀለም ከሌላው ቦታ ይሳሳል፤ ማሽኑም እዚያው ላይ ኃይሉን ይሰበስባል። ለጀማሪ ወዲያና ወዲህ እየተንቀጠቀጠ የሚዞረው ማሽን ይሻላል። ይዘገያል፣ ግን በቀላሉ አያቃጥልም። ወንድሜ እስካሁን ያቺን ቦታ እያሳየ ይስቅብኛል።

ፖሊሽ ተደረገች፣ ከሁለት እጥበት በኋላ ጭረቱ ተመለሰ

ጭረቱ አልተመለሰም። አልሄደም ነበር። ቅባት የበዛበት ፖሊሽ ጭረቱን ይሞላና ይደብቀዋል። እጥበቱ ቅባቱን ሲወስድ እውነቱ ይወጣል። መኪናችሁን ከመረከባችሁ በፊት የፋርማሲ አልኮል በውሃ አቅጥናችሁ አንድ ቦታ ጥረጉና በስልክ መብራት እዩት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አይቆጣም። ማሽኑ የሄደበትን መንገድ የሚያሳይ ጥላ ጥላ ነገር ካያችሁ ደግሞ የመጨረሻው የማለስለሻ ዙር ተዘሏል ማለት ነው፤ በለስላሳ ስፖንጅ አንዴ ይደገምላችሁ።

ነጭ ክብ የውሃ ጠብታ ምልክት

ውሃው ይደርቃል፤ ውስጡ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ይቀራል። የጉድጓድ ውሃ ያላችሁ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ የሻይ ጀበናችሁ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ያው እሱ ነው። ፀሐይ ላይ አጥቦ ሳያደርቁ መተው ነው ሰበቡ። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሉ፣ ጥላ ውስጥ በጨርቅ አርጥቡት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁና ጥረጉ። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ። ምልክቱ ከሄደ በኋላ ትንሽ ጉድጓድ ከቀረ ክሊሩን በልቶታል፤ ያኔ ፖሊሽ ያስፈልጋል።

የወፍ ኩስ፣ ትንኝና የዛፍ ሙጫ

ይሄ የእኛ ከተማ ጣጣ ነው። ጣና ዳር ዋርካ ሥር መኪና ያቆመ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። አሣ የበላ ወፍ ደግሞ አይጣል ነው።

ኩስ ውስጥ ዩሪክ አሲድ አለ። ግን ጉዳቱን የሚያብሰው ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ ክሊሩ ይለሰልሳል፣ ይነፋል። ማታ ሲቀዘቅዝ የደረቀውን ኩስ አቅፎ ይሰበሰባል። በማግስቱ ስታነሱት ቅርጹ እዚያው ታትሞ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። መኪና ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ይኑራችሁ። ጨርቁን በደንብ አርጥባችሁ ኩሱ ላይ ጣሉት፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ወደ ላይ አንሱት። አትፈትጉ፤ ውስጡ አሸዋና ፍሬ አለ።

ማታ በሐይቁ ዳር ስትነዱ የፊት መብራቱና ፓራውልቱ ላይ የሚለጠፈው ትንኝም እንዲሁ ነው። ጠዋት ሳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ሁለት ቀን ካደረ ግን ትግል ነው። ሙጫ ደግሞ በውሃ አይሆንም። ጥጥ ላይ የፋርማሲ አልኮል አድርጉና ጥቂት ሰከንድ ያዙበት፤ ሲለሰልስ ጥረጉ። ቲነር እንዳትነኩ። በተለይ መኪናዋ ርካሽ ቀለም ተቀብታ ከሆነ ሙጫውንም ቀለሙንም አብሮ ይወስደዋል። አልኮሉንም ቢሆን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት።

ታጥባም ትሻክራለች

እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡና የታጠበውን ኮፋኖ ዳሰስ አድርጉ። በባዶ እጅ የማይታወቀው ሻካራ ነገር ሁሉ በፌስታሉ ይሰማችኋል። አጠገባችሁ በር የሚበየድበት ቦታ ካለ የብረት ፍንጣሪ ነው፤ ነጭ መኪና ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይዝጋል። ጎረቤት አጥር ከቀባ የቀለም ብናኝ ነው። አዲስ አስፋልት ላይ ከነዳችሁ ሬንጅ ነው፤ ሬንጁን በነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ አንሱና ወዲያው በሳሙና እጠቡ። የቀረውን ክሌይ ባር የሚባለው እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ማጽጃ ያነሳዋል። በሳሙና ውሃ እያንሸራተታችሁ፣ ሳትጫኑ፣ እያጠፋችሁ ንጹሑን ፊት ተጠቀሙ። መሬት ከወደቀ ጣሉት። አውቃለሁ ውድ ነው፤ ግን ጣሉት።

ከሰርግ በኋላ የቀረ ሙጫ

የአበባው ፕላስተር አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ ይጣበቃል። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት፣ ቀስ ብላችሁ ላጡት፣ የቀረውን በምግብ ዘይት አለስልሳችሁ ጥረጉ፣ በሳሙና እጠቡ። ቢላዋ ይዞ የመጣ ሚዜ ካለ ውሃ አምጣ ብላችሁ ላኩት።

ሴራሚክ ላስደርግ ወይ?

በየቀኑ እጠየቃለሁ። ሴራሚክ፣ ማለትም ክሊሩ ላይ ተቀብቶ የሚደርቀው መከላከያ ሽፋን፣ ጥሩ ነገር ነው። ውሃና ጭቃ አይይዝም፣ ኩሱን ለማንሳት ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ከሰምም በጣም ይቆያል። ጭረት ግን አያጠፋም፤ ከሥሩ ያለውን ጭረት እንደ ፎቶ ለብዶ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ቀለሙ ካልተስተካከለ ገንዘባችሁን አታውጡ። ላቫጆ ላይ ያው የወደቀ ስፖንጅ የሚጠብቃት መኪና ከሆነች ደግሞ መጀመሪያ ሁለት ባልዲና የራሳችሁን ጨርቅ ግዙ፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። እሱም ግን ግቢያችሁ ውስጥ ይሁን፤ የናፍጣና የሳሙና እጣቢ ወደ ጣና የሚወርድበት ዳርቻ ላይ አትጠቡ።

ጋሼን "ፀሐይ ላይ አያቁሟት" ብዬ ነበር የሸኘኋቸው። "ጥላ ያለው ዋርካው ሥር ነው" አሉኝ። "ዋርካው ሥርም አያቁሟት" አልኳቸው። "ታዲያ አልጋዬ ላይ ላስተኛት?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ሸራ ገዙ። ከወር በኋላ ጎኗ ተጫጭሮ መጡ፤ አቧራዋ ላይ ነበር የሚያለብሷት፣ ነፋሱ ሸራውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው ያድራል። አሁን ካላጠቧት አያለብሷትም።