ሰንጋው ይበላል እንጂ አይደልብም፦ የድለባ ችግርና መፍትሄ

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ነጋዴው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ሻኛውና ወደ ጎድኑ ነው። እዚያ ሥጋ ካልዳሰሰ፣ ሦስት ወር ቤት አስረው የቀለቡት በሬ ከተገዛበት ዋጋ ብዙም አያልፍም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የበሬው ዘር ሳይሆን ግርግሙ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

ሆዱ ሞልቷል፣ ጎድኑ ግን ይቆጠራል

ግርግሙን ይጠርጋል፣ ሆዱ ተንዘርጥጧል፣ ፀጉሩ ግን ቆሟል፣ የጀርባ አጥንቱም ወጥቷል። እበቱን በእንጨት ገለጥ አድርገው ይዩት፦ ደረቅ ሆኖ የተነባበረና ያልተፈጨ ረጅም ጭድ የሚታይበት ከሆነ ነገሩ ተገኝቷል።

የጤፍ ጭድ ፕሮቲኑ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ የማሽላ አገዳም ከዚያ የተሻለ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ጭዱን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ቢያንስ 7 በመቶ ገደማ ይፈልጋሉ። እነሱ ሲራቡ ጭዱ ሳይፈጭ ይከርማል፣ ቦታ ይይዛል፣ በሬውም ሌላ መብላት ያቅተዋል። ስለዚህ ጭድ መጨመር ችግሩን አይፈታም፤ መፍትሄው ከጭዱ ጋር ፕሮቲን መስጠት ነው።

250 ኪሎ ለሚመዝን በሬ በቀን ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ድብልቅ መኖ ይበቃል፦ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ ከጠቅላላው 1 በመቶ ጨው። ጠዋትና ማታ ከፍለው ይስጡ፣ ጭዱም አይቋረጥ። ኮምቦልቻ አካባቢ ያላችሁ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ማግኘት ከቻላችሁ ጥሩ ነው፤ እርጥብ ስለሆነ ግን በጥቂት ቀን ይበላሻል፣ የሻገተውን አትስጡ። ደላንታ ያለ ሰው የምስርና የሽምብራ ገለባውን ለማገዶ ሲያባክነው ሳይ ይቆጨኛል፤ ከጤፍ ጭድ ይበልጣልና።

ፋጉሎ ከተወደደ ጭዱን በዩሪያ (በማዳበሪያው) ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይሟሟል። ጭዱን በስሱ እየነጠፉ ውሃውን እኩል ይርጩ፣ እየረገጡ ያሽጉ፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍነው 21 ቀን ይተዉት። ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ይወጣዋል፣ መልኩም ቡናማ ይሆናል። አንድ ሌሊት አናፍሰው፣ መጀመሪያ ካልታከመ ጭድ ጋር እየቀላቀሉ ያለማምዱት። ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃ አይሰጥም። ዩሪያ በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ደግሞ መርዝ ነው፤ በሬው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

መኖው ተስተካክሎም የማይጨምር፣ ከመንጋጋው ሥር ያበጠ በሬ ከሆነ የጉበት ትል ይጠርጥሩ። ረግረግ ላይ የጋጠ በሬ ሲገዙ ወዲያው የትል መድኃኒት ያሰጡት።

በዓል ሲደርስ ድንገት መብላት አቆመ

ማመስኳት ትቷል፣ እበቱ ቀጥኖ ይሸታል። ብዙ ጊዜ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባለቤቱ ተጣድፎ እህል በብዛት የሰጠው ነው፤ ሆዱ አሲድ ሆኗል። ድብልቁን አቁመው ድርቆሽ ብቻ ይስጡ፤ ከተኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ። ድብልቅ መኖ ከግማሽ ኪሎ ተጀምሮ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው ቀስ እያለ የሚጨምረው።

የግራ ጎኑ ተነፋ

እርጥብ አልፋልፋ (ለመኖ የሚዘራ ለምለም ተክል) በባዶ ሆድ ከበላ ሆዱ ውስጥ አረፋ ይሠራል። የፊት እግሮቹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዲሆኑ አቁመው፣ እንዳያንቀው ቀስ እያደረጉ ሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ያጠጡት። መተንፈስ ካቃተው ባለሙያ ወዲያው ይድረስለት። ወደፊት አልፋልፋው ይጠውልግ፣ ቀድሞም ጭድ ይብላ።

ማሽላ ማሳ ገብቶ ወደቀ

ቆቦ፣ ሐርቡና ከሚሴ ያላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙት። ለጋ ማሽላ፣ በተለይ በድርቅ ተመትቶ ወይም ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቆጠው፣ ሳያናይድ የሚባል መርዝ አለበት። በሬው በደቂቃዎች ውስጥ ያለከልካል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። መድኃኒቱ በመርፌ ስለሆነ ባለሙያ ካልቀረበ አይተርፍም። ቡቃያውን አያስግጡ፤ አጭደው በደንብ ካደረቁት መርዙ ይቀንሳል።

አጥንትና ላስቲክ ያኝካል

የጨውና የፎስፈረስ እጥረት ነው። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨዉን ይሞላል፣ ፎስፈረሱን ግን ፉርሽካ ነው የሚሞላው። የሜዳ አጥንት አንስተው ያቃጥሉ፤ ከእሱ የሚመጣው ሽባነት ይገድላል።

ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል

ፉርሽካ ብቻ ለሚበላ ኮርማ ወይም ሰንጋ የታወቀ ጣጣ ነው። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ በሽንት ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። መከላከያው ከድብልቁ 1 በመቶ የሚሆን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ (የግድግዳው ኖራ አይደለም)፣ ጨው፣ እና እንደልብ ውሃ ነው፤ በሙቀት ወራት አንድ በሬ በቀን 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ጅራቱን እያወዛወዘ የሚያምጥና ሽንቱ ጨርሶ የቆመ በሬ ግን በቤት መድኃኒት አይሆንም፤ ፊኛው ሳይፈነዳ በዚያው ቀን ለባለሙያ ያሳዩት።